ሐሙስ ልምምድ፣ ሐሙስ ማታ እራት ግብዣ፦ ካርቦሃይድሬቱን በቀኑ ውስጥ እንዴት እናከፋፍለው?

ማለዳ_ሯጭ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው በየክሩ ተበታትኖ ስለሚመጣ አንድ ቦታ ብንሰበስበው ብዬ ነው። በጭፍን እንዳንከራከር አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ።

ክብደት 70 ኪሎ። ማክሰኞ 45 ደቂቃ ዘና ያለ ሩጫ። ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ የአንድ ሰዓት ኢንተርቫል፣ ማለትም ፈጣን ሩጫ በመሀሉ እያረፉ በድግግሞሽ። ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት ረዥም ሩጫ። እሑድ ብረት። ቀሪው ቀን የወንበር ሥራ ነው። ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይና ቅዳሜ ማታ ከሰው ጋር እራት አለ። ምግቡን የሚመርጠው ጋባዡ ስለሆነ ምን እንደሚቀርብም ምን ያህል እንደሚቀርብም አስቀድሞ አይታወቅም።

ሦስት ነገር ይጣራልን። እራቱ ትልቅ እንደሚሆን ከታወቀ ምሳ ይዘለል ወይስ አይዘለል? ከኢንተርቫል በፊት ስንት ግራም፣ መቼ? ከልምምዱ ማብቂያ እስከ እራቱ ባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥስ ምን ይደረግ?

የወጥቤት_ሚዛን
ስሌቱ ከእራቱ ሳይሆን ከልምምዱ ይጀምር። የተለመደው ልክ ይህ ነው፦ ቀላል ቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 5 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ አንድ ሰዓት ገደማ መካከለኛ ልምምድ ያለበት ቀን ከ5 እስከ 7፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ጠንከር ያለ ልምምድ ያለበት ቀን ከ6 እስከ 10። የወንበር ሥራ ያለው ሰው ሁልጊዜ ከታችኛው ጫፍ ይጀምር። የላይኞቹ ቁጥሮች በየቀኑ ለሚሠለጥኑ ሰዎች የተቀመጡ ናቸው።

በዚህ ሂሳብ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ማክሰኞ 210 ግራም፣ ሐሙስ 350፣ ቅዳሜ 420 ይሆናል። ሐሙስን እንዲህ መክፈል ይቻላል፦

ቁርስ 80 ግራም ገደማ፦ 80 ግራም ደረቅ አጃ ወደ 50 ይሰጣል፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተት 12፣ አነስ ያለ ሙዝ 20።
ምሳ ከቀኑ 7 ሰዓት 100 ግራም፦ 250 ግራም የበሰለ ሩዝ 70፣ 150 ግራም የተቀቀለ ምስር 30።
መክሰስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል 47 ግራም፦ እያንዳንዳቸው 30 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ቁራጭ ዳቦ 30፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17።
ለእራቱ የሚቀረው ወደ 120 ግራም ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ ከ400 ግራም በላይ የበሰለ ሩዝ ማለት ነው። ስለዚህ ምሳ ዘልሎ «ቦታ ማስለቀቅ» አያስፈልግም፤ ቦታው መጀመሪያውኑ አለ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሩዝ ወደ 80 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ሲበስል ውኃ ጠጥቶ ከሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይመዝናል፤ 100 ግራም የበሰለ ሩዝ ያለው 28 ብቻ ነው። የበሰለውን መዝኖ በደረቁ ቁጥር ያሰላ ሰው 250 ግራሙን 200 ካርቦሃይድሬት ብሎ ይመዘግብና ቀኑን ሙሉ ሲራብ ይውላል። ከዚያ ማታ ላይ «ፍላጎቴን መቆጣጠር አቃተኝ» ይላል። ያቃተው ፍላጎቱ ሳይሆን ሚዛኑ ነው።

ብረት_አንሺ
ይህ ሁሉ ለምን? ክብደት የሚወስነው የቀኑ ጠቅላላ ካሎሪ ነው። ቁርስና ምሳ በፕሮቲንና በአትክልት ይታለፍ፣ ካርቦሃይድሬቱ በሙሉ ለማታ ይቀመጥ። ጠቅላላው እስካልበለጠ ድረስ ሰውነት ሰዓት አይቆጥርም።

ላብ_ቆጣሪ
@ብረት_አንሺ ስለ ክብደቱ ልክ ነዎት። ስለ ሐሙስ 11 ሰዓት ግን አይደለም።

ኢንተርቫል ማለት ጡንቻ በዋናነት ግላይኮጅን (በሰውነት ውስጥ የተከማቸ ካርቦሃይድሬት) የሚያቃጥልበት ልምምድ ነው። ዝግ ያለ ሩጫ ላይ ስብ ብዙውን ድርሻ ይሸፍናል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ስብ ቶሎ ቶሎ መቃጠል ስለማይችል ሸክሙ ወደ ካርቦሃይድሬት ይዞራል። ጡንቻዎች በጠቅላላ ከ300 እስከ 500 ግራም ግላይኮጅን ይይዛሉ፣ ጉበት ደግሞ 100 ግራም አካባቢ። የጉበቱ ድርሻ ሌሊት ስንተኛ ጭምር ይቀንሳል፤ አእምሮ ከዚያ ስለሚመገብ። ቁርስም ምሳም ያለ ካርቦሃይድሬት ካለፈ 11 ሰዓት ላይ የጉበቱ ክምችት ሳስቷል፣ የማክሰኞ ሩጫም ከጡንቻ የወሰደው በሙሉ አልተመለሰም። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድግግሞሾች በሰዓታቸው ይገባሉ፤ ከአራተኛው በኋላ የልብ ምቱ ከፍ እንዳለ ፍጥነቱ ይወርዳል። ልምምዱ ተሠራ ይባላል እንጂ የታሰበው ልምምድ አልተሠራም።

ሁለተኛው ችግር ማዕድ ላይ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ተቆጥቦ፣ አንድ ሰዓት ሮጦ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የተቀመጠ ሰው ዋናው ምግብ እስኪቀርብ አይጠብቅም። መጀመሪያ እጁ የሚገባው ዳቦና ጨዋማ ማቆያ ነው። ዋናው ምግብ ከመድረሱ በፊት የተቆጠበው ሁሉ አልቆ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ለግብዣ መቆጠብ ያለበት ስብ ነው እንጂ ካርቦሃይድሬት አይደለም። ሰው ሁሉ ሩዙንና ዳቦውን በዓይነ ቁራኛ ይከታተላል፤ ግብዣ ላይ ልክ የሚያልፈው ግን ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ስብ፣ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። በመጥበሻው፣ በስጎው፣ በሰላጣው ላይ ሦስት ማንኪያ ቢገባ ዓይን አያየውም፤ 360 ካሎሪ ግን ገብቷል። ስለዚህ ሐሙስ ቀን ላይ የሚቀነሰው ይህ ይሁን፦ ጠዋት 30 ግራም ለውዝ የሚበላ ከሆነ ይቅር፤ 15 ግራም ስብ ነው። ምሳ ሲበስል አንድ ማንኪያ ዘይት ይቀነስ፤ 14 ግራም። አንድ ላይ 29 ግራም፣ ወደ 260 ካሎሪ ይመጣል። ካርቦሃይድሬቱ ሳይነካ ለእራቱ ቦታ ተገኘ፣ ልምምዱም አልተጎዳም። ስብ ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ከኢንተርቫል በፊት መቀነሱ በራሱ ይጠቅማል።

ብረት_አንሺ
ስቡን መቀነስ የሚለው ይዋጥልኛል። እኔ ያልኩት ለብረት ቀን ይሠራል፣ ለኢንተርቫል ይለያያል ካላችሁ እስማማለሁ። ግን ፕሮቲኑን ማንም አልጠቀሰውም። ቁርስ ላይ አጃ፣ ወተትና ሙዝ ብቻ ከሆነ ከ20 ግራም ብዙም አያልፍም። ለ70 ኪሎ ሰው በቀን ከ85 እስከ 140 ግራም ያስፈልጋል፤ በየማዕዱ ከ20 እስከ 30 ግራም ቢከፋፈል ጥሩ ነው።

ሆድ_ይፍጀው
የምስሩን ነገር ዝም ብላችሁ አለፋችሁት? ኢንተርቫል ከአራት ሰዓት በኋላ እያለ 150 ግራም ምስር!

ጥራጥሬ ለሌላው ቀን ምርጥ ነው፤ አሰሩ (ፋይበሩ) ብዙ ነው፣ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። ችግሩ ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ክፍሉ ትልቁ አንጀት ደርሶ በባክቴሪያ ሲብላላ ጋዝ መፍጠሩ ነው፤ ይህም ከተበላ ከሰዓታት በኋላ፣ ልክ በልምምዱ ሰዓት ላይ ይገጥማል። ያልለመደ ሆድ ያለው ሰው ሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ ይቆማል። ሐሙስ ምሳ ሩዙ 350 ግራም ይሁን፣ ወደ 98 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ምስሩ ወደ ማክሰኞ ይሂድ፤ በቦታው 120 ግራም ቆዳው የተነሳ ዶሮ ወይም ዓሣ፤ ፕሮቲኑም በዚያው ይሞላል። አትክልቱ የበሰለና ጥቂት ይሁን፤ ጥሬ ጎመንና ሽንኩርት አይሁን። የቀረው አሰር እራት ላይ ይካካሳል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። መክሰሱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑ ጥሩ ነው። አንዳንድ ሰው ልምምዱ ሊጀመር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው ጣፋጭ ነገር ከወሰደ ኢንሱሊኑ ከፍ ባለበት ሰዓት መሮጥ ይጀምርና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ራሱ ቀለል ይለዋል፣ እግሩ ይዝላል። ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል፤ የሚያስቸግረው ሰው ግን ወይ 90 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይብላ፣ ወይ ሰውነት አሟሙቆ ልምምዱ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይውሰድ።

የወጥቤት_ሚዛን
ምስሩን ተቀብያለሁ፣ ስህተቱ የኔ ነው።

ማለዳ_ሯጭ
እሺ፤ ምሳ ተፈታ። ልምምዱ 12 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ እራቱ 2 ሰዓት ተኩል። «ከልምምድ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ካልተበላ መስኮቱ ይዘጋል» የሚባለው አሁንም ይሠራል?

ላብ_ቆጣሪ
የሚቀጥለው ልምምድ መቼ ነው? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ልምምድ ስምንት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሆነ መቻኮል ያስፈልጋል፦ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም። እዚህ ግን ቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከ36 ሰዓት በላይ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በቂ እስከተበላ ድረስ ግላይኮጅኑ ይመለሳል። መስኮት እየተባለ የሚያስጨንቀው ነገር ለዚህ ሰው ትርጉም የለውም።

ቢሆንም ባዶ ሆድ ይዞ ወደ ግብዣ እንዳይገባ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ትንሽ ነገር ይውሰድ፦ 200 ግራም ውኃው የተጠለለ ወፍራም እርጎና አንድ ሙዝ። 35 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት፣ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን። ይህ ከእራቱ 120 ላይ ይቀነሳል፤ ለማዕዱ 85 ይቀራል። ከዚህ ጋር ግማሽ ሊትር ውኃ። በጥምና በረሃብ መካከል ያለውን ልዩነት ከልምምድ በኋላ መለየት ከባድ ነው።

ጠረጴዛ_ላይ
ማዕዱ ላይ ሚዛን አይወጣም፤ ስለዚህ በዓይንና በእጅ መለካት ይልመድ። የተጨበጠ እጅ የሚያህል የበሰለ ሩዝ ወይም ፓስታ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢባል ብዙ አያስትም። እንቁላል የሚያህል የተቀቀለ ድንች 12 ገደማ። ዳቦ ላይ ቀላሉ ዘዴ፦ ከክብደቱ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ነው። 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 35፣ 250 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ 26። ስለዚህ 85 ግራም ማለት ሁለት ጭብጥ የማይሞላ ሩዝ ነው፤ ወይም አንድ ጭብጥ ሩዝና 80 ግራም ዳቦ። ሁለት ብርጭቆ ለስላሳ ከተጠጣ ግን ምግቡ ሳይነካ 70ው አልቋል። ሰው ሰሃኑን ሲቆጣጠር ብርጭቆውን ይረሳል።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። አትክልቱና ፕሮቲኑ ቀድሞ፣ ሩዙና ዳቦው በኋላ ሲበላ ያው ምግብ ራሱ የደም ስኳርን የሚያወጣው ዝቅ አድርጎ ነው፤ ሆድ ቀስ ብሎ ስለሚለቀው። ማንም ሳያስተውለው የሚደረግ ስለሆነ ለግብዣ ይመቻል። ከእራት በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ በእግር መሄድም እንዲሁ፦ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ጭምር ስኳር ከደም ይስባል።

ጋባዥን «አልበላም» ማለት ከባድ ከሆነ ሰሃኑ ቶሎ ባዶ አይሁን። የሚጨመረው ባዶ ሰሃን ላይ ነው።

መጠጥን በተመለከተ አጭር ነው። አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ሰውነትም መጀመሪያ እሱን ለማስወገድ ስለሚጣደፍ የስብ መቃጠል በእጅጉ ይቀንሳል። ጣፋጭ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ ስኳሩም ይቆጠር።

ስኳር_መዝገብ
እስካሁን የተባለው ጤነኛ ለሆነ ሰው ነው። የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ስኳር የሚያወርዱ ክኒኖችን የሚወስድ ሰው ይህን ክር አንብቦ እንዳለ እንዳይተገብረው። ሐሙስ ማለት ለእሱ ሦስት አደጋ በአንድ ቀን የተደራረበበት ነው፦ ልምምድ፣ የዘገየ እራት፣ ምናልባትም አልኮል። የመጠን ለውጥ ሁሉ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው፤ እዚህ የምጽፈው ከሐኪሙ ጋር ለመነጋገር የሚረዳ ማዕቀፍ ነው።

ከልምምዱ በፊት፦ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ለሩጫ የሚመቸው መነሻ ከ126 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ከ90 በታች ከሆነ ከ10 እስከ 20 ግራም ግሉኮስ ወስዶ ከ90 በላይ እስኪደርስ ይጠብቅ። ከ270 በላይ ከሆነና ምክንያቱ ካልታወቀ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል ሰውነት ከስብ የሚሠራው አሲድ) ይለካ፤ ኪቶን ከፍ ካለ አይሮጥም። በምግብ ሰዓት የተወጋ ፈጣን ኢንሱሊን ገና እየሠራ እያለ ረዘም ያለ ሩጫ ከተጀመረ ስኳር በፍጥነት ይወርዳል። የዚያን ማዕድ መጠን እንደ ልምምዱ ርዝመትና ብርታት ከ25 እስከ 75 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ለማን ስንት የሚለው ግን ከሰው ሰው ይለያያል። በምሳሌው ላይ ያለው የ9 ሰዓት ተኩሉ ዳቦና ማር ችግር የሚፈጥረውም ለዚህ ነው፤ ሙሉ መጠን ከተወጋበት ኢንሱሊኑ ጉልበት የሚያገኘው ልክ ልምምዱ ሲጀመር ነው።

ግራ የሚያጋባው ኢንተርቫሉ ራሱ ነው። ዘና ያለ ሩጫ ስኳርን ያወርዳል፤ በጣም ፈጣን ድግግሞሽ ግን አድሬናሊን ጉበትን ስኳር ልቀቅ ስለሚለው ወዲያው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። 12 ሰዓት ላይ 220 አይቶ ደንግጦ ሙሉ ማስተካከያ የሚወጋ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ጡንቻው ስኳር መሳብ ሲጀምር፣ ግብዣው ላይ ላብ ላብ ይለዋል።

እራቱ ላይ፦ ምግቡ ዓይን ሳያየው አይወጋ። ግብዣ 2 ሰዓት ተኩል ተብሎ 4 ሰዓት ላይ መቅረቡ ያለ ነው። ስብና ፕሮቲን የበዛበት እራት ስኳርን ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚያወጣው፤ ሙሉው መጠን መጀመሪያ ላይ ከተወጋ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ሌሊት ደግሞ ይወጣል። መጠኑን ለሁለት መክፈል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ያው ሌሊት ከልምምድ በኋላ ያለ ሌሊት ነው። ጡንቻ ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ እስከ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ንቁ ሆኖ ስለሚቆይ ሌሊት የመውረድ አደጋ አለ። አልኮል ሲጨመርበት ጉበት አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳል፤ የጉበት ክምችት በሩጫ ከተሟጠጠ ደግሞ መጠባበቂያ የለም። ስለዚህ ከመተኛት በፊት መለካት ግዴታ ነው፤ አልኮል ከተጠጣም ያለ ምግብ አይሁን፣ አብሮ ያለ አንድ ሰውም ይወቅ፤ የወረደ ስኳርና ስካር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ከ70 በታች ሲወርድ፦ 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት። 150 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይበቃል። ቸኮሌት አይሆንም፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል።

ሆድ_ይፍጀው
@ስኳር_መዝገብ ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መለኪያ ለሚጠቀሙትስ?

ስኳር_መዝገብ
እሱ የሚያነበው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ በደቂቃዎች ይዘገያል፤ ስኳር በፍጥነት በሚወርድበት ሰዓት፣ ማለትም ልምምድ ላይ፣ መዘግየቱ ይሰፋል። 95 እያለ ቀስቱ ቁልቁል ካመለከተ ቁጥሩን ሳይሆን ቀስቱን እመኑ። የሰውነት ስሜትና መሣሪያው ካልተስማሙ ጣት ተወግቶ ይለካ።

አዲስ_ገቢ
ጥያቄ ከመሀል ላስገባ። ከግብዣ ማግስት ጠዋት ሚዛን ላይ 1.5 ኪሎ ሲጨምር ስብ ነው ማለት ነው?

የወጥቤት_ሚዛን
አይደለም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። 1.5 ኪሎ ስብ በአንድ ሌሊት ለመጨመር ከሚያስፈልገው በላይ ከ11,000 ካሎሪ የሚያልፍ ምግብ መብላት ይጠይቃል። ማንም አይበላውም።

የጨመረው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሲከማች ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ነው የሚከማቸው፤ 200 ግራም ግላይኮጅን ከገባ 800 ግራም ሚዛን ላይ ይታያል። ጨዋማ ምግብ የያዘው ውኃ አለ። ገና ከአንጀት ያልወጣ ምግብ አለ። በሁለት ሦስት ቀን ይወርዳል፤ ስለዚህ ዓርብ ጠዋት የተመዘገበ ቁጥር ከሐሙስ ጋር አይነጻጸር። የሰባቱ ቀን አማካይ ከባለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ይነጻጸር።

በዚያው ልክ ካርቦሃይድሬት ድንገት ያቆመ ሰው በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ «ስብ ቀነስኩ» ሲል ያው ውኃ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው።

ማለዳ_ሯጭ
ወደ ቅዳሜ እንሂድ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሩጫ፣ ማታ እራት።

ላብ_ቆጣሪ
ቅዳሜ ከሐሙስ ይቀላል፤ ከሩጫው እስከ እራቱ ሰፊ ጊዜ ስላለ። 420ውን እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ከሩጫው በፊት 80፣ እየተሮጠ 60፣ ከሩጫው በኋላ 90፣ ምሳ 90፣ እራት 100።

በፊት ያለው 80 ከሁለት ሰዓት በፊት የሚበላ ከሆነ ነው። በማለዳ ተነስቶ ቶሎ የሚሮጥ ሰው 40 ወስዶ ቀሪውን ዓርብ እራት ላይ ይጨምረው፤ ሆድ ሞልቶ ከመሮጥ ይሻላል።

እየተሮጠ የሚወሰደው ላይ ሰው ይሳሳታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚዘልቅ ጠንካራ ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም በቂ ነው። ቤት ውስጥ ለመሥራት፦ 500 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 30 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። 6 በመቶ ይሆናል፤ ለአንድ ሰዓት አንድ ጠርሙስ። «ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ» ብሎ በዚያው ውኃ 60 ግራም የሚያሟሟ ሰው 12 በመቶ የሆነ ሽሮፕ ነው የሠራው፤ ከ8 በመቶ በላይ ሲሆን ከጨጓራ የሚወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሆዱ ይንቦጫረቃል፣ ከጎኑ ይወጋዋል። መጠኑን መጨመር የፈለገ ውኃውንም ይጨምር። ጭማቂ የሚመርጥ እኩል ለእኩል በውኃ ያቅጥነው፣ ጨውም አይርሳ።

ደግሞ ይህን መጠጥ «ካሎሪ ለእራት ልቆጥብ» ብሎ መተው ትልቁ ስህተት ነው። የተቆጠበው 240 ካሎሪ ነው። የሚከፈለው ግን የመጨረሻዎቹ 30 ደቂቃዎች መዛል፣ ከሰዓት በኋላ ጣፋጭ ፍለጋ መዞር፣ ማታ ደግሞ ሰሃን ላይ መውደቅ ነው።

ብረት_አንሺ
እሑድን ለእኔ ተዉት። ብረት እንደ ረዥም ሩጫ ግላይኮጅን አይበላም፤ ለአንድ ሰዓት ሥራ በኪሎ ከ3 እስከ 4 ግራም ይበቃል፣ ለ70 ኪሎ ከ210 እስከ 280። የቅዳሜ እራት ከልክ አልፎ ከሆነ እሑድ ጠዋት ከካርቦሃይድሬቱ ብዙው ጡንቻ ውስጥ አለ፤ ከባዱን ማንሻ፣ ማለትም የእግሩን ሥራ፣ እሑድ ላይ ማድረግ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ቅጣት ግን አይሁን። ከግብዣ በኋላ ቀኑን ሙሉ መጾም ወይም ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መሮጥ የመቆጠብና ከልክ በላይ የመብላት ዑደቱን ያራዝመዋል። 600 ካሎሪ ከበለጠ ለቀጣዮቹ አራት ቀናት በየቀኑ 150 ይቀነስ፤ እሱም ከስቡ። ፕሮቲኑ አይነካ፤ ልምምድ ያለበት ቀን ካርቦሃይድሬቱም አይነካ።

ሆድ_ይፍጀው
የማክሰኞውን ማንም አልነካውም። 45 ደቂቃ ዘና ያለ ሩጫ ምንም ልዩ ዝግጅት አይፈልግም፤ ጠዋት ያለ ቁርስም ይሮጣል። ጥራጥሬው፣ ጥሬ አትክልቱ፣ ያልተፈተገ እህሉ ሁሉ የዚያ ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ አሰር የሚሸሽ ሰው በሆድ ድርቀት ይከፍለዋል።

አዲስ_ገቢ
እሽግ ላይ የተጻፈው ካርቦሃይድሬት አሰሩን ይጨምራል?

የወጥቤት_ሚዛን
እሽጉ በየት አገር ደንብ እንደተጻፈ ይወሰናል። በአሜሪካ ደንብ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት የሚለው ቁጥር አሰሩን ያካትታል፤ በአውሮፓ ደንብ ካርቦሃይድሬት የሚለው አሰሩን አያካትትም፣ ለብቻው ይጻፋል። ከአውሮፓ እሽግ ላይ አሰሩን ደግሞ የሚቀንስ ሰው ሁለቴ ቀነሰ ማለት ነው። ሩዝና ነጭ ዳቦ ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ምስርና ባቄላ ላይ ግን ከ100 ግራም የበሰለ ምስር 20 ውስጥ 8ቱ ገደማ አሰር ነው። ለኢንሱሊን መጠን ለሚያሰላ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም።

ማለዳ_ሯጭ
እርማቶቹ ገብተው ሐሙስ እንዲህ ሆነች፦ ቁርስ አጃ፣ ወተት፣ ሙዝና ሁለት እንቁላል፣ ለውዝ የለም። 7 ሰዓት 350 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ 120 ግራም ዶሮ፣ ጥቂት የበሰለ አትክልት፣ ዘይት በማንኪያ ተለክቶ። 9 ሰዓት ተኩል ሁለት ቁራጭ ዳቦ ከማር ጋር። 12 ሰዓት ተኩል እርጎና ሙዝ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ። እራት ላይ 85 ግራም አካባቢ፣ አትክልቱና ሥጋው ቀድሞ። እራቱ እስከ 4 ሰዓት ቢዘገይስ?

ጠረጴዛ_ላይ
3 ሰዓት ካለፈና ካልቀረበ ከማቆያው አንድ ቁራጭ ዳቦ ይበላ፣ 15 ግራም ብሎ ይመዝግበው። ጥያቄው መብላት አለመብላት ሳይሆን አንድ ወይስ አምስት ነው።

የወጥቤት_ሚዛን
ለማሩ ደግሞ ማንኪያ አትመኑ። የሾርባ ማንኪያ ላይ ተቆልሎ የሚቀዳ ማር እስከ እጥፍ ይደርሳል። ዳቦው ሚዛን ላይ ይቀመጥ፣ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለስ፣ 20 ግራም እስኪያነብ ማሩ በቀጥታ ዳቦው ላይ ይፍሰስ። ማንኪያም አይታጠብም።